በደኑ ዳር የነበረ እሳት

አምቦ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ከእኔ ይልቅ ቀይ እስክሪብቶዬን ይፈሩ ነበር። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ ነገር ግን ፊደል የገደፈ፣ አራት ነጥብ የረሳ፣ «ብዙ ዛፍ አየን» ብሎ የዛፉን ስም ያልጻፈ ሁሉ ከእጄ አያመልጥም። በእኔ ክፍል ያልተጻፈ ነገር እንዳልታየ ይቆጠራል። ይህ አመሌ በየግድግዳው ላይ የተለጠፈውንም አይምርም። አንድ ጊዜ የመምህራን ማረፊያ በር ላይ የወጣ ማስታወቂያ በቀይ አርሜ ርዕሰ መምህሩን ለሳምንት አስኮርፌያለሁ። ስለ ጠመኔ፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ክፍለ ጊዜ ድልድል በተነሳ ቁጥር እጄን የማወጣ ነገረኛ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆንም ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ጊንጪ የሄድነው መንደር ምስረታው አካባቢያችንን ባዳረሰ በሁለተኛው ዓመት ነው። በየማሳው ጥግ ለየብቻው ይኖር የነበረው ገበሬ ቤቱን እያፈረሰ በገመድ ተለክቶ በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍር ተደርጎ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ባህል የሚመክር አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ አሮጌው ግቢ ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት አንዱ ለትውልድ ይቀመጥ ብሎ ወሰነ። ቤቱ ከነጎተራው፣ ከነጥጃ ጋጣው ተነቅሎ ከጊንጪ በላይ ባለው ጥብቅ ደን ዳር እንደነበረ ተተከለ። ባዶውን እንዳይሆን ሰውም ተቀመጠበት። እንግዳ ሲመጣ ገመድ እየገመደ፣ ቀፎ እየሠራ፣ ድሮ እንዴት ይኖር እንደነበር የሚያሳይ ሰው ማለት ነው።

ይህን ስሰማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የተፈጥሮ ደንና የአባቶች ኑሮ በአንድ ቀን ጉብኝት ከየት ይገኛል? ርዕሰ መምህሩን ነዝንዤ አስፈቀድኩ፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት የጭነት መኪና ተዋስን፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ጭኜ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአምቦ ተነሳሁ። ልጆቹ እስከ ጊንጪ ድረስ እየዘፈኑ ሄዱ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አዲሶቹ መንደሮች እንደ ጠዋት ሰልፍ ተደርድረው ይታያሉ። ጤፉ ገና አልታጨደም ነበር። በየማሳው ጥግ አለፍ አለፍ ብሎ ክብ ጥቁር መሬት ይታየኛል። ከተማሪዎቹ አንዷ ያ ጥቁሩ ቤት የነበረበት ቦታ መሆኑን ነገረችኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

የደኑ መግቢያ ላይ አንድ ረጅም ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ተቀበለን። ሰላምታውን ሳይጨርስ ሕጉን መዘርዘር ጀመረ። ቅጠል መቀንጠስ የለም፤ አውሬ ላይ ድንጋይ መወርወር የለም፤ ከሁሉ በላይ እሳት የለም። ከሹፌራችን ክብሪቱን ተቀብሎ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ስንወርድ እንደሚመልስለት ቃል ገባ። ይህ ጥብቅነቱ ደስ አለኝ። ሕግ የሚያከብር ሰው ድሮም እወዳለሁ።

ዳገቱን ወደ ውስጥ ስንወጣ ልጆቹ ሳይታዘዙ ዝም አሉ። ጥዱ ከላይ ተጋጥሞ ፀሐይን ከልክሏታል። ዝግባው ከቅርንጫፉ እንደ ሽበት ጢም በሚንጠለጠል ሽበቶ ተሸፍኗል። አንድ ኮሶ ሥር ቆሜ ስለ ሥሩ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ውሃው ሳስተምር ከራሳችን በላይ የጉሬዛ መንጋ ጅራቱን አንጠልጥሎ ቁልቁል ያየናል። ልጆቹ ጉሬዛዎቹን እንጂ እኔን አልሰሙም። አልተቆጣሁም፤ እኔም ቀና ቀና እያልኩ ነበር።

ደኑ ሲያልቅ ሜዳ አለ፤ በሜዳው ላይ ቤቱ ቆሟል። መጀመሪያ ያየሁት ጢሱን ነው። ከአንድ ቀዳዳ ሳይሆን ከጣሪያው ከሣሩ ሁሉ እየሰረገ፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ከግቢው በር በላይ «የጥንት ገበሬ ኑሮ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። በቤቱ መቃን ላይ ደግሞ በመኪና የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቁጥር አንዱ «በቤቱ ውስጥም ሆነ በግቢው እሳት ማንደድ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ወረቀቱንም አነበብኩት፣ ጢሱንም አየሁት። ዘበኛውን ዞሬ ሳየው ጥዶቹን ይመለከታል።

ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻ ያጣፉ ሰው ናቸው። እንግዳ ቤቱ እንደመጣበት አባወራ እያንዳንዱን ተማሪ እየጨበጡ ወደ ውስጥ አስገቡ። በእኔ የተሰባበረ ኦሮምኛና በእሳቸው በገበያ የተለመደ አማርኛ ተግባባን፤ ሲከብደን ልጆቹ ያግዙናል። «ባርሲስቱ» አሉኝ፤ መምህርት ማለታቸው ነው። ቀፎውን፣ ሞፈሩን፣ የወተት ዕቃውን አሳዩን። አንዱ ተማሪ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቃል በኦሮምኛ ሲተረጉምላቸው ሳቅ አሉ።

«ጥንት? አምና ነው እኮ» አሉ።

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ አነሰ። ለካ ቤቱ የእሳቸው የራሳቸው ኖሯል። ምሰሶውን የቆረጡት አባታቸው ናቸው፤ ልጆቻቸው የተወለዱት እዚያው መደብ ላይ ነው። መንደር ምስረታው ሲመጣና ቤቱ ሊፈርስ ሲል ኮሚቴው ምሰሶውንና ወራጁን ወዶ መረጠው። ሽማግሌው እኔም ከቤቴ ጋር ልሂድ ብለው ለመኑ፤ የሚቀመጥበት ሰውም ይፈለግ ስለነበር ተፈቀደላቸው። ጎረቤቶቻቸው እንጨቱን በትከሻ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ እሳቸው ከኋላ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ተከተሉ። በገል ላይ አመድ የለበሰ ፍም።

እሳቱን ያሳዩን በመጨረሻ ነው። በሦስቱ ጉልቻ መሐል አንድ የወይራ ግንድ በጫፉ ይነዳል። ይህን እሳት ሚስታቸው ሙሽራ ሆነው የገቡ ዕለት ከእናታቸው ምድጃ ጭረው አምጥተው እንዳቀጣጠሉት ነገሩን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማታው እየተዳፈነ፣ በየጠዋቱ እየተጫረ ኖሯል። ሚስታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን የሚዳፍኑት ራሳቸው ናቸው። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ግን ግንዱን ሳያስፈልግ ወደፊት ገፋው።

ከዚያ ወደ ጣሪያው ጠቆሙ። ወራጁና ማገሩ በጥቀርሻ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። ጢስ የማያገኝ የሣር ቤት ይታመማል አሉን። ሣሩ ይረጥባል፤ ማገሩ ነቀዝ ይገባበታል፤ ምስጥ ከሥር ይወጣል፤ ሁለት ክረምት አይሻገርም። እኔ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ ይህን ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ክልከላውን የጻፉትም እንደ እኔ ከተማ ያደጉ መሆን አለባቸው። ቤቱን እንዲቆይ ብለው እዚያ ድረስ አምጥተው፣ የሚያቆየውን ነገር በቁጥር አንድ ከለከሉት።

ሽማግሌው ከረመጡ ውስጥ ድንች እያወጡ ለሁለት ለሁለት ልጅ አንድ አንድ ሰጡን። ዘበኛውም ገባ፤ ካፖርቱን ከፍቶ እጁን አሞቀ፤ የለመደው ቦታ እንደሆነ ከአቀማመጡ ያስታውቃል። ያ ሰዓት በአስተማሪነቴ ካየኋቸው ሰዓቶች ሁሉ ይበልጥብኛል። ሠላሳ ስምንት ልጆች በጭለማ ቤት ውስጥ አመድ የነካው ድንች እየበሉ አንድም የሚንሾካሾክ አልነበረም።

ስንወጣ ዘበኛው የአስተያየት መዝገቡን አመጣ። ከእኛ በፊት የመጡት ሁሉ «በጣም ጥሩ ነው»፣ «ተደስተናል» እያሉ አንድ አንድ መስመር ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል። አይተው ምንም ያላዩ ሰዎች ናቸው ብዬ በሆዴ እየሰደብኳቸው ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ያየሁትን ሁሉ በዝርዝር አሰፈርኩ። በመጨረሻም በሩ ላይ የተለጠፈው ክልከላ ስህተት መሆኑንና መነሳት እንዳለበት ከነምክንያቱ ጻፍኩ። ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ ማረም ባልችል በመዝገቡ ላይ አረምኩት። ስሜን፣ ትምህርቴን፣ የትምህርት ቤቴን ስም ሳይቀር አስፍሬ ፈረምኩ። ስሙን ያልጻፈ ሰው ቃል ክብደት የለውም ብዬ የማስተምር እኔ ነኝ።

ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው እጄን ሲያዩ ቆይተዋል። ማንበብ አይችሉም። ስጨርስ ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ፣ ባርሲስቱ?»

ሹፌሩ ከታች ጡሩምባ ይነፋል። ልጆቹ መውረድ ጀምረዋል።

«ጥሩ ነገር ነው የጻፍኩት፣ አባቴ» አልኳቸውና መዝገቡን ዘጋሁት።

«ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለት ነው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። በመኪናው ላይ ሆኜ ስንሄድ ራሴን አመሰገንኩ። እኔ ባልጽፈው ያ ክልከላ ማንም ሳይነካው ይኖራል እያልኩ ነው አምቦ የገባሁት።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምህራን ሁሉ ለስብሰባ ተጠራን። ከኮሚቴው የመጣ አንድ ኃላፊ ከርዕሰ መምህሩ ጎን ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ መዝገቡ አለ። ከሩቅ አወቅሁት፤ ልቤ ደስ አለው። የጻፍኩት ተነቦልኛል፣ ወረቀቱ ተነስቷል ብዬ ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ።

ኃላፊው ስለ ንቃትና ስለ ሕዝብ ንብረት ጥቂት ተናገረና የእኔን ገጽ አወጣ። ጮክ ብሎ አነበበው። ስለ ደኑ የጻፍኩትን አነበበ፤ ቀንና ሌሊት ስለማይጠፋው እሳት የጻፍኩትን አነበበ፤ ስለ ድንቹ አነበበ። እዚያ ላይ ሲደርስ መዝገቡን ከደነ። የቀረውን አላነበበም። ጥብቅ ደን ዳር በምስጢር እሳት ሲነድ ኖሮ ማንም ጎብኚ ሳያጋልጥ እኚህ ጓድ ብቻ በስማቸውና በፊርማቸው አጋለጡ አለ። እርምጃ ተወስዷል አለ። እሳቱ ጠፍቷል፤ ግለሰቡም ወደ መንደሩ ተመልሷል። ከዚያ ሁሉም እንዲያጨበጭብልኝ ጠየቀ።

ተጨበጨበልኝ። ስለ አንድ ሣጥን ጠመኔ ግማሽ ሰዓት የምከራከር ሴት፣ «የመጨረሻውን መስመር አላነበቡትም» የሚሉ ሦስት ቃላት ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ያን ጊዜ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ተነስቶ ኃላፊ ማረም ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ፈራሁ። ይህን ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም። ከወንበሬ ተነስቼ እጅ ነሳሁና ተቀመጥኩ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ጊንጪ ወረድኩ። ደኑ ጋ ስደርስ ዘበኛው ሰላምታዬን አልተቀበለም። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ነበር። ቢሆንም ከፊት ከፊቴ እየሄደ ዳገቱን ወጣን። ቤቱ እንደቆመ ነው። ጣሪያው ላይ ግን ጢስ የለም። ውስጡ ይቀዘቅዛል። በጉልቻው መሐል እንጨት አሳምረው አስተካክለው ደርድረውበታል፤ የማይነድ፣ ለእይታ የተቀመጠ እንጨት። አመዱ ረጥቦ ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

«ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለኝ ዘበኛው። «ባልዲ አስይዘው አዘዙኝ።»

ሽማግሌው እንዳልተከራከሩ ነገረኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመኑት። ውሃው ሳይፈስ አንድ ፍም በገል አድርጌ ልውሰድ ብለው ገሉን ይዘው ቆሙ። በደን ውስጥ እሳት ይዞ ማለፍ ክልክል ነው ተባሉ። ስለዚህ ሲፈስ ቆመው አዩና ባዶውን ገል ይዘው ወረዱ። ዘበኛው ይህን ሲያወራ እኔን አላየኝም። እኔም የሹፌራችን ክብሪት ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ሲገባ ደስ ያለኝን ደስታ አስታወስኩ።

መንደራቸውን ሳገኝ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስኳርና ሳሙና ገዝቼ ነው የሄድኩት። ቤቱ በአራተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ከጎረቤቶቹ የሚለየው ነገር የለም፤ የግድግዳው ጭቃ ገና ነጣ ብሏል። ሽማግሌው ከደጅ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። አዩኝ፤ ተነሱ፤ እንደዚያን ቀን ጨበጡኝ፤ ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ስኳሩንና ሳሙናውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ምድጃው ላይ ትንሽ እሳት አለ። ዓይኔ እዚያ ላይ መቅረቱን አይተው ከጎረቤት እያስጫሩ እንደሚያነዱት ነገሩኝ። የጎረቤት እሳትም ያሞቃል አሉ።

እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም። በመጨረሻ ሳላስተካክለው ወጣልኝ። እሳቱ የጠፋው በእኔ ጽሑፍ መሆኑን፣ ልረዳቸው ፈልጌ መጻፌን፣ ሲያጨበጭቡልኝ ዝም ማለቴን ሁሉ ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር። ገመዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት። የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ አያውቁም ነበር። ማንም አልነገራቸውም። ከፊታቸው ላይ አየሁት።

ከዚያ የጻፍሽውን አሁን ንገሪኝ አሉኝ። ገጹን በቃሌ ይዤዋለሁ። እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ዋና ዋናውን አልኩላቸው፦

«ደኑን በደንብ ተጠብቆ አግኝተነዋል። ቤቱ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። በምድጃው ላይ ቀንና ሌሊት የማይጠፋ እሳት አለ። በረመጡ የተጠበሰ ድንች በልተናል። ቤቱን ያቆየው ይህ እሳትና ጢሱ ስለሆነ በሩ ላይ ያለው ክልከላ ስህተት ነው፤ ይነሳ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ምድጃው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ዱጋ ዳ» አሉ። «እውነት ነው። ሐሰት የለበትም።»

ትንሽ ተንፈስ ያልኩ መሰለኝ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ያን ቀን ብታነቢልኝ፣ እሳቷን አትጻፊያት እልሽ ነበር» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። «ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ ባርሲስቱ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጤፉና ስለ ዝናቡ አወሩኝ፤ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ደርግ በወደቀበት ዓመት በዚያ በኩል ሳልፍ ወደ ሜዳው ወጥቼ ነበር። ጣሪያው ወደ ውስጥ ወድቋል፤ ምሰሶውን ምስጥ ጨርሶታል፤ ሰሌዳው ብቻ ቆሟል። እሳቸውን አላገኘኋቸውም፤ በመንደራቸው ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል አሉኝ። አዎ፣ ጠይቀውኝ ነበር። መዝገቡ ገና እጄ ላይ ነበር፤ አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።